በመልስ ቀን የተወዳደሩ ሦስት ኮምፒውተሮች

እኔና ታምራት በፖለቲካ ተጣልተን አናውቅም። በኳስ የሁለት ቡድን ደጋፊዎች ነን፤ ቢበዛ አንድ ምሳ ሳንነጋገር እንበላለን እንጂ ከዚያ አያልፍም። ሊያለያየን ጥቂት የቀረው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ስላችሁ ደግሞ አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው፤ ከሦስቱ አንደኛውን እኔም እሱም በዓይናችን አይተነው አናውቅም።

አዲሱ ገበያ ውስጥ፣ ከአንድ ሥጋ ቤት በላይ፣ ጠባብ ደረጃ የሚወጣበት ቪዲዮ ቤት አለን። ታምራት ይቀርጻል፣ እኔ አቀናብራለሁ። ሠርግ፣ ልደት፣ ምርቃት፣ የመጣውን እንሠራለን። የምሠራበትን ኮምፒውተር ታምራት «ሻምበል» ብሎ ሰይሞታል፤ ሥራ ሲበዛበት እየጮኸ ወታደር የሚያሰልፍ ስለሚመስል። በተለይ ሬንደር ስናደርግ፣ ማለትም የተቆራረጠውን ምስል ሁሉ ገጣጥሞ አንድ ወጥ ፊልም አድርጎ እንዲያወጣልን ስናዘው፣ ሻምበል ይግላል፣ ይጮሃል፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። እኛ መስኮት እንከፍታለን። ከታች ሥጋ ቆራጩ አንገቱን አውጥቶ «እናንተ፣ ዛሬ ደግሞ ምንድነው የምትፈጩት?» ይለናል።

እኔ ታዲያ ይህ ኑሮ ሰልችቶኝ ኢንተርኔት ላይ ስዞር ክላውድ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አገኘሁ። ኮምፒውተሩ አንተ ጋር የለም። ባሕር ማዶ፣ በረዶ የመሰለ አዳራሽ ውስጥ ከተደረደሩ ኃይለኛ ማሽኖች ላይ ድርሻህን ትከራያለህ። እዚህ ጠረጴዛህ ላይ ያለው ስክሪን መስኮት ብቻ ነው፤ በመስኮቱ የዚያን ኮምፒውተር ገጽ ታያለህ፣ አንተ ማውስህን እዚህ ስታንቀሳቅስ ሥራው እዚያ ይሠራል። ለሙከራ ደግሞ በነፃ ይሰጡሃል። ይህንን ለታምራት እጄን እያወናጨፍኩ ባስረዳው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ሻምበል ሲቆም ጎኑን መታ ሳደርገው ይነሳል። ያንተው ሲቆም ማን ይመታልናል?»

«እሱ አይቆምም!»

«የማይቆም ነገር የለም» አለና ሌንሱን መጥረግ ቀጠለ።

ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህንን አልጽፍላችሁም ነበር።

የዚያን ሰሞን የያዝነው ሥራ የማርታ ሠርግ ነበር። ማርታ የጋሽ አንጁሎ ልጅ ናት። ጋሽ አንጁሎ በወጣትነታቸው ከጋሞ መጥተው ሽሮ ሜዳ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሸመኑ ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ሱቅ ዘርግተው ይሸጣሉ። የማርታን የሠርግ ቀሚስ ጋሽ አንጁሎ ራሳቸው ናቸው የሸመኑት፤ ጥለቱን ማንም እንዲነካባቸው አልፈቀዱም። ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን ከመጋዘን ጋቢ ሊያወርዱ መሰላል ላይ ወጥተው ወደቁ፤ እግራቸው ተሰበረ። አዳራሹ ተይዟል፣ ጥሪው ተበትኗል፣ ዘመዱ ከየአገሩ ገብቷል። «በእኔ እግር የልጄ ሠርግ አይቆምም» ብለው እሳቸው ሆስፒታል ተኙ፣ ልጅቷ ተዳረች።

መልሱ ብቻ እሳቸው እስኪወጡ ተራዘመ። ወይዘሮ አስካለ የመልሱ ቀን እንደተቆረጠ ደረጃችንን ወጥተው መጡ። ወንበር ስስብላቸው አልተቀመጡም።

«ስማኝ ልጄ። ቅዳሜ መልስ ነው። ሰውዬው የሠርጉን አንዲት ነገር እስካሁን አላየም። በስልክ ሊያሳዩት ሲመጡ ዓይኑን ይጨፍናል። ‹ልጄን ጥፍር በምታክል መስታወት አላይም፤ በትልቁ ቴሌቪዥን፣ ሰው ባለበት ነው የማየው› ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ይደርሳል ወይስ አይደርስም?»

ታምራት ሻምበልን አየው። ሻምበል በዚያች ሰዓት የአንድ ልደት ፊልም ይዞ ያቃስታል።

«ይደርሳል እትዬ!» አልኩ እኔ። «እንዲያውም ኃይለኛ ኮምፒውተር አግኝተናል። ቁርስዎን ሳይጨርሱ ነው የሚያልቅልዎ!»

«እኔ ቁርስ አልበላም» አሉና ወረዱ። ደረጃው ግማሽ ላይ ቆመው ወደ ላይ ጮኹ፦ «ከቀረ ግን በዚህ እግሩ ራሱ ይመጣላችኋል!»

ታምራት ዞሮ «አግኝተናል? ማንና ማን?» አለኝ። ተጨቃጨቅን፣ ተጯጯህን፣ መጨረሻ ላይ እንደ ትልልቅ ሰዎች ተስማማን። ውድድር ይደረግ። ፊልሙ ያው አንድ ፊልም ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ኮምፒውተሮች እኩል ይጀምራሉ፤ ሻምበል፣ የታምራት እህት የሰላም አዲስ ላፕቶፕ፣ እና የእኔ ባሕር ማዶኛ። ቀድሞ የጨረሰው ፊልም መልሱ ላይ ይታያል፣ ከዚያ በኋላም በዚህ ጉዳይ ላይ አፍ መክፈት የለም።

አንድ ትንሽ ችግር ነበር። የተቀረጸው ሁሉ ወደ ክላውዱ መላክ አለበት። ረቡዕ ጠዋት የጀመርኩት ዓርብ ማታ አለቀ።

«ይሄ አይቆጠርም?» አለ ታምራት።

«አይቆጠርም። ሯጭ ወደ ስታዲየም የመጣበት ሰዓት ተቆጥሮ ያውቃል?»

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱን አሰለፍናቸው። ታምራት የሻምበልን ጎን ዳበሰው። እኔ ዳኛም ሯጭም ሆኜ «ሂዱ!» አልኩ።

ያንን ፍጥነት እንዴት ልንገራችሁ። ሻምበል ማጓራት ሲጀምር፣ የሰላም ላፕቶፕ ጨዋ እንደሆነች ልጅ ድምጿን ሳታሰማ ስታዘግም፣ የእኔው በሻምበል ስክሪን ጥግ በከፈትኩት መስኮት ውስጥ ይነጉዳል። ከታች ያዘዝኩት ማኪያቶ ሳይመጣ ጨረሰ። ጨረሰ! ወንበር ላይ ወጥቼ እስክስታ መታሁ። ታምራት የላፕቶፑን ጀርባ በሠርግ መጥሪያ ካርድ ያራግባል፤ ግላ መዳፍ አታስነካም። እኔ እየጨፈርኩ ሳለ ላፕቶፗ አንዴ ብልጭ ብላ ጠፋች። በርዳ ስትነሳ ያንን ሁሉ ሥራ አታስታውሰውም። በዚህ ጊዜ እስክስታዬ ወደ ጉራጌኛ ተቀየረ።

«እሺ፣ አሸነፍክ» አለ ታምራት፣ ኪሱን ዳበስ ዳበስ አድርጎ ፍላሽ እያወጣ። «እንካ፣ ፊልሙን እዚህ ላይ አድርግልኝ።»

«የትኛውን?»

«ያለቀውን ነዋ።»

ከወንበሩ ወረድኩ። «እሱማ... ማለቴ... እዚያ ነው ያለው።»

«እዚያ የት?»

«ባሕር ማዶ።»

ታምራት ፍላሹን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ማውረድ ጀመርኩ። ሠርጉ ግዙፍ ፊልም ነው፤ መስመራችን ደግሞ የቅዳሜ መስመር ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ተቀምጦበታል። ኮምፒውተሩ የቀረውን ጊዜ ይገምታል፤ አንዴ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል ይለኛል፣ ዓይኔን ሳርገበግብ ነገ ይላል፣ ቆይቶ ግምቱን ትቶ ዝም ይላል። ስልኬ ጠራ። ወይዘሮ አስካለ ናቸው።

«ደረሳችሁ?»

«አልቋል እትዬ! አልቋል!» ይህ ውሸት አይደለም።

«ታዲያ ይዛችሁ ኑ፤ እንግዳው መግባት ጀምሯል። ሰውዬው ነጭ በነጭ ለብሶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጧል። የጠፋ ቴሌቪዥን ነው የሚያየው።»

ስልኩን ስዘጋ ተስፋዬ ሻምበል ላይ ወደቀ። ማፈር ድሮ ቀርቷል፤ ሄጄ ጎኑን ዳበስኩት። ግማሹን አልፏል። እየጮኸ ነው፣ ግን እየሄደ ነው። ከታምራት ጋር ተያየን። «በርታ» ያልኩት እኔ ነኝ። «በርታ ሻምበል፣ በርታ» ያለውም እሱ ነው።

መብራት ጠፋ።

ሻምበል ዝም ሲል ሰፈሩ ሁሉ ዝም ያለ መሰለኝ። ሥጋ ቆራጩ እንኳ ከታች «ምን ሆናችሁ? ደህና ናችሁ?» ሲል ሰማሁት።

ሻምበል ከጀመርኩት ማውረድ ጋር በመብራት፣ ላፕቶፗ በሙቀት ወደቁ። የቀረው ያ የማይቆመው ነው፤ እርግጥም አልቆመም፤ መብራታችን ቢጠፋ ባይጠፋ ምን ገዶት፣ ፊልሙን ጨርሶ ይዞ እዚያ ተቀምጧል። ውርሱ ውጭ አገር ባንክ ውስጥ እንደተቆለፈበት ሰው ሆንን።

በዚህ ጭንቀት መካከል አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ለምን እናወርደዋለን? የሰላምን ላፕቶፕ ይዘን እንሄዳለን፣ እነ ጋሽ አንጁሎ ቤት ኢንተርኔት አለ፣ በገመድ ከቴሌቪዥናቸው ጋር እናገናኛለን፣ ፊልሙን እዚያው ባሕር ማዶ ላይ ከፍተን በመስኮቱ እናሳያቸዋለን። ታምራት ላፕቶፗን በጃኬቱ ጠቅልሎ እየሮጠ «ይሄ ካልሆነ በዚያው መሮጣችንን እንቀጥላለን» አለኝ።

ታክሲ ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደሄድን ታምራት ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ያ ማሽንህ እንደምትለው ፈጣን ከሆነ፣ ፊልሙን አሳንሶ ድጋሚ ያውጣው። ትንሽ ፊልም ቶሎ ይወርዳል አይደል?»

እውነቱን ነው። ለምን እኔ አላሰብኩትም ብሎ መናደጃ ጊዜ የለም። ስልኬን አውጥቼ በስልኬ ወደ ኮምፒውተሩ ገባሁ። አሁን ይህንን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱልኝ፤ የአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ገጽ በሙሉ መዳፍ በምታክል ስልክ ላይ ተጨምቆ፣ ፊደሉ ጉንዳን አክሎ፣ ታክሲው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እየዘለለ። አውራ ጣቴ የነካችው የፈለግኳትን ቁልፍ አይደለም። መሃል ላይ አንዲት ሳጥን ብቅ አለች። «ፊልሙ ይሰረዝ?» ትላለች። ከሥሯ ሁለት ቃል አለ፣ አዎና አይ፤ ሁለቱም በአውራ ጣቴ ሥር ይሸፈናሉ።

«ሹፌር፣ እባክህ አቁም!» ብዬ ጮህኩ።

«ወራጅ አለ?» አለ ረዳቱ።

«ወራጅ የለም! ዝም ብለህ አቁም!»

ከጎኔ የተቀመጡ እናት ክንዴን ያዙኝ። «ምነው ልጄ፣ አሞሃል? ላብ በላብ ሆነሃል እኮ።»

«ጣቴ ወፍሮብኝ ነው እናቴ።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ዳር ተጠጉ። ታክሲው የትራፊክ መብራት ይዞት ሲቆም፣ ታምራት በትንሿ ጣቱ ጥፍር «አይ» የምትለዋን ነካት። ሳጥኗ ሄደች። ሁለታችንም እንደ ሕፃን ተነፈስን፤ ቀጥሎ በዚያው ጥፍር ፊልሙ አንሶ እንዲወጣ አዘዝን።

ሽሮ ሜዳ ስንደርስ መብራት አለ። በግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል፣ ቴሌቪዥኑ ወጥቶ ከፍ ካለ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ጋሽ አንጁሎ ጀሶ ውስጥ ያለ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። ማርታ ከጎናቸው፣ ባሏ ከእሷ ጎን። ወይዘሮ አስካለ ሲያዩን እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ ምስጋና ይሁን ክስ አልለየሁም።

«መጣችሁ ልጆቼ?» አሉ ጋሽ አንጁሎ። «በሉ፣ አትቸኩሉ። እኔ እንደሆን የትም አልሄድ።»

ታምራት ስልኬን ቀማኝና ትንሹን ፊልም ሊያወርድ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ፤ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ቆመ። እኔ ላፕቶፗን ሰካሁ፣ በግቢው ኢንተርኔት ወደ ክላውዱ ገባሁ፣ ከፈትኩ። ማርታ በቀሚሷ ሆና ቴሌቪዥኑን ሞላችው። እልልታው ዳሱን አናወጠው። ደረቴን ነፋሁ።

እልልታው ሳያልቅ ምስሉ ቆመ። ሙዚቃው ይሄዳል፣ ሰዎቹ ቆመዋል። የሚዜው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ሦስት እርምጃ ዘለሉና እንደገና ቆሙ። አንዱ ሽማግሌ «እንዲህ ነው እንዴ የዘንድሮ ጭፈራ?» ሲሉ ሰማሁ።

ዞር ስል ገባኝ። እንግዳው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ይልካል፣ ዘመድ ያነጋግራል፤ ሁሉም በአንዷ የግቢ ኢንተርኔት ላይ ነው። ወደ ወይዘሮ አስካለ ሄጄ በጆሯቸው ነገርኳቸው። እሳቸው በጆሮ የመናገር ልማድ የላቸውም።

«ስልክ!» አሉ ሰፌድ ይዘው በወንበሮቹ መካከል እየዞሩ። «ስልካችሁን አጥፍታችሁ እዚህ ጣሉ! የሙሽራዋን እግር አሰራችሁት!»

«የእኔ እኮ ቁልፍ ያለው ነው እቴ፣ ኢንተርኔት የለውም» አሉ ሽማግሌው።

«ቢሆንም! እርስዎን ምን ልዩ ያደርግዎታል?»

ሰፌዱ ሞላ። ምስሉ ትንሽ ተነፈሰ፣ ተራመደ። ማርታ ከቤት የወጣችበት ጋር ደረሰ፤ ይኸው ግቢ ነው፣ ይኸው በር ነው። ሚዜዎቹ ይዘፍናሉ፣ ሙሽራው ክንዷን ይዟታል፣ መኪናው በሩ ተከፍቶ ይጠብቃል። እግሯን ልታስገባ ስትል ዞረች። እዚያ ላይ ቴሌቪዥኑ ቀጥ አለ።

ጠበቅኩ። አልሄደም። ማውሱን ነካካሁ፣ አልሰማኝም። ሙዚቃውም ጠፋ። ዳሱ ውስጥ ማጉረምረም ተጀመረ፣ የወይዘሮ አስካለ ዓይን ጀርባዬን ሲበሳው ይሰማኛል። ገመዱን ልንቀለውና «ቴሌቪዥናችሁ ተበላሸ» ልል ወሰንኩ። እጄን ሰደድኩ።

«እንዳትነካው!»

ጋሽ አንጁሎ ናቸው። ከወንበራቸው ወደ ፊት አጎንብሰዋል።

«ተወው እንዲህ እንዳለ። ወዲህ... ወንበሬን ወዲህ አስጠጉኝ።»

አማቻቸውና እኔ ከነበርጩማው ተሸክመን አስጠጋናቸው። ፊታቸው ከቴሌቪዥኑ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ጣታቸውን አንስተው ቀሚሱ ላይ፣ ጥለቱን ከታች ወደ ላይ ተከተሉት። «እዚህ ጋር ክሩ ተበጥሶብኝ ነበር» አሉ ለራሳቸው። «ቋጥሬ ነው ያለፍኩት። አይታይም። በጭራሽ አይታይም።» ሳቅ አሉ። ጣታቸው ወደ ላይ ሄዶ ፊቷ ጋር ሲደርስ ቆመ።

ያንን ምስል ስንት ቀን እንዳየሁት እኔ አውቃለሁ። መኪና ውስጥ ስትገባ ዞር ትላለች፣ ታልፋለች፤ እኔም እዚያ ላይ የሚበተን አበባ ጨምሬበታለሁ። እንዲህ ቆሞ ግን አላየሁትም ነበር። ሚዜው ሁሉ ይስቃል። እሷ አትስቅም። አንገቷን አዙራ ከሰዉ በላይ፣ ወደ ቤቱ በር ታያለች። በሩ ላይ ማንም የለም።

«ማንን ነው የምታዪው?» አሉ ጋሽ አንጁሎ።

ማርታ ከወንበሯ ተነሳች።

«አባዬ...» አለች ማርታ። «አንተን ነዋ። እንደሌለህ አውቅ ነበር። ግን ዞሬ አየሁ።»

ሰውዬው ከቴሌቪዥኑ ዓይናቸውን አላነሱም። እጃቸውን ብቻ ወደ ኋላ ዘረጉ፤ ማርታ መጥታ ያዘችው። ወይዘሮ አስካለ ሰፌዱን ከነስልኩ ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ ቆመው ቀሩ። እኔ ደግሞ ሕይወቴን ሙሉ ኢንተርኔት እንዲፈጥን ስለምን የኖርኩት ሰው፣ «አንተ መስመር፣ አሁን እንዳትነሳ» እያልኩ በልቤ እለምናለሁ። አልተነሳም። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆነ፤ ግንኙነቱ ተቋርጧል የሚል ጽሑፍ መጣ።

በዚያችው ቅጽበት ታምራት ከአጥሩ ጥግ እየሮጠ መጣ፤ እጁ ደንዝዞ እንደተሰቀለ ነው። «ወረደ! ትንሹ ፊልም ወረደ!»

አሁን ሁሉም ነገር እንደሚገባው ሆነ። ፊልሙ ከስልኬ ወደ ላፕቶፗ ገባ፣ ከመጀመሪያው ተከፈተ፣ አልቆመ፣ አልዘለለ፣ ሙዚቃውና እግሩ አብረው ሄዱ። እንግዳው ስልኩን ከሰፌዱ እየለቀመ አብሮ ጨፈረ። ታምራት በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ ታረቅን ማለቱ ነው። ሲያልቅ ጭብጨባው ሽሮ ሜዳን አናወጠ፤ ወይዘሮ አስካለ ሁለታችንንም ጉንጫችንን ሳሙን።

ጋሽ አንጁሎ ብቻ አላጨበጨቡም። ጠጋ ብዬ ጎንበስ አልኩ።

«ጋሼ፣ አልወደዱትም እንዴ?»

«ጥሩ ነው ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ» አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፈጠነ።»

«ፊልሙ?»

«ልጄ። ልጄ ፈጠነችብኝ።»

ወንበር ሳብኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፊልሙን ወደ ኋላ መለስኩት፣ አበባው ሳይበተን በፊት ማርታ አንገቷን ዞር ስታደርግ አቆምኩት፣ እጄንም ከላፕቶፗ ላይ አነሳሁ።